‹‹አንደር››ን ስታዩ ቀጥሎ ያለውን ቃል አንብቡ

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በአካውንቲንግ ተመርቋል። እንደ ብዙ ተመራቂ ሁሉ እሱም የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎች ላይ ተጥዶ ይውላል። አንድ ቀን ለአንድ ድርጅት ሲቪውን በኢሜይል ላከና ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣለት። መልሷ አጭር ናት፤ ‹‹ዩር አፕሊኬሽን ኢዝ አንደር ሪቪው››።

ልጁ እንግሊዝኛ አያውቅም አይባልም፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ግን መልእክቷን ደጋግሞ አነበበና ቅስሙ ተሰበረ። ‹‹በቃ፣ የእኔን ከሥር አድርገውታል›› አለን። የታየው የወረቀት ክምር ነው። የሌሎቹ ማመልከቻ ከላይ፣ የእሱ ከታች፣ አንስቶ የሚያየው ሰው የለም። ተስፋ ቆረጠና ኢሜይሉን መክፈት ተወ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሲከፍተው የቃለ መጠይቅ ጥሪ ተቀምጦ አገኘ። የቀጠሮው ቀን ግን ከትናንት ወዲያ ነበር።

ለካ ‹‹አንደር ሪቪው›› ማለት ‹‹ማመልከቻህ እየታየ ነው›› ማለት ነው!

ቤት ውስጥ ትንሽ ተሳስቆበት አለፈ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ‹‹አንደር››ን እኮ ሁላችንም የምናውቃት ይመስለናል። አንደኛ ደረጃ እያለን መምህራችን እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር አስገብተው ያስተማሩን ቃል ናት። ችግሩ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ትተናት መምጣታችን ነው። ቃሏ ግን ከዚያ ወጥታ ኢሜይላችን፣ አፓችን፣ ውላችን፣ የቪዛ ቅጻችን ውስጥ ገብታለች። እስኪ በየቦታው ምን እንደምትሠራ እንያት።

ከሥር እና ከበታች

መጀመሪያ ቀላሉን እንጨርስ። ‹‹አንደር›› ቦታ ስታመለክት ‹‹ከሥር›› ናት። ድመቷ ከአልጋ ሥር ገባች፤ ቁልፉ ከምንጣፉ ሥር ነው። እንግሊዝኛ ግን ለታችነት ሌላም ቃል አለው፤ ‹‹ቢሎው››። ሁለቱንም ‹‹በታች›› ብለን ስለያዝናቸው ይምታቱብናል።

‹‹አንደር›› ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ከላይ የሆነ ነገር አለ፤ የሚሸፍን፣ የሚጫን ወይም የሚያስጠልል። ዛፍ ሥር፣ ድልድይ ሥር፣ ብርድ ልብስ ሥር። ‹‹ቢሎው›› ግን የሚያየው ደረጃን ነው፤ ከአንድ ልክ ዝቅ ብሎ መገኘትን። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቹ ‹‹ቢሎው›› ናቸው።

ዳሎልን ውሰዱ። የአፋሩ የደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በእንግሊዝኛ ይሄ ‹‹ቢሎው ሲ ሌቭል›› ነው። አንድ ተማሪ በዚያ ፈንታ ‹‹አንደር ዘ ሲ›› ብሎ ከጻፈ ግን ዳሎልን ከነጨው ቆራጮቹ፣ ከነግመሎቹ ባሕር ውስጥ አሰጠማቸው ማለት ነው። ሁለቱም ‹‹ታች›› ናቸው፤ አንደኛው ግን ደረቅ ነው፣ ሌላው ውኃ።

ፈተና ላይም ትመጣለች። ‹‹ከዚህ በታች ያለውን ምንባብ አንብቡ›› ሲባል ‹‹ቢሎው›› ነው። ጽሑፍ ላይ ‹‹ከታች ይመልከቱ›› ለማለት ‹‹ሲ ቢሎው›› ይባላል እንጂ ‹‹ሲ አንደር›› አይባልም። ‹‹ቢሎው›› ለብቻው መቆም ይችላል፤ ‹‹አንደር›› ግን እንዲህ ባለው ቦታ ‹‹ከምን ሥር?›› የሚል ጥያቄ ታስከትላለች። ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ሦስተኛ ዘመድም አላቸው፤ ‹‹ቢኒዝ››። እሷ ጻፍ ጻፍ የምትል፣ ልብ ወለድና ግጥም የምትወድ ቃል ናት። አንድ ሰው ሥራ ተሰጥቶት ‹‹ኢት ኢዝ ቢኒዝ ሚ›› ካለ ግን ‹‹ከእኔ ሥር ነው›› ማለቱ አይደለም፤ ‹‹ለክብሬ አይመጥንም›› ማለቱ ነው። በአለቃችሁ ፊት እንዳታመልጣችሁ።

አንደር ፋይቭ፣ አንደር 20፣ አንደር 2.5

ሁለተኛው ሥራዋ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ እንኳን እኛ እናቶቻችንም ያውቋታል። ጤና ጣቢያ ልጅ አዝለው የሚሄዱ፣ እንግሊዝኛ ተምረው የማያውቁ እናቶች ‹‹አንደር ፋይቭ በየት በኩል ነው?›› ብለው ይጠይቃሉ። ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ነው። ‹‹ያልሞላ›› የምትለዋን ልብ በሉ። አምስተኛ ልደቱን ያከበረ ልጅ ‹‹አንደር ፋይቭ›› አይደለም።

ይቺ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ብዙ ቅጽ ላይ የምንሳሳተው እሷ ላይ ነው። ‹‹አንደር 18›› ሲል 18 ዓመት የሞላውን አይጨምርም። 18ንም ለመጨመር ሲፈልጉ ‹‹18 ኤንድ አንደር›› ይላሉ። ብዙ የማኅበራዊ ሚዲያ አፖች ሲከፈቱ የልደት ቀን የሚጠይቁትና ከ13 ዓመት በታች የሆነውን የሚመልሱት ከአንድ የአሜሪካ ሕግ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ይህ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ይከለክላል። 12 ዓመት ከ11 ወር የሆነው ልጅ ‹‹አንደር›› ነው፤ በ13ኛ ልደቱ ጠዋት ግን አይደለም።

በስፖርቱም ያው ነው። ‹‹ከ20 ዓመት በታች›› የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ የሚሮጥ ልጅ ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ማለትም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ድረስ 20 ዓመት መሙላት የለበትም። ውድድሩ ሲካሄድ 19 መሆኑ ብቻ አይበቃውም።

እሺ፣ አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ በደንብ ወደምታውቁት እንምጣ። ‹‹አንደር 2.5››። አቋማሪ ቤት የተሰለፈ ወጣት ሁሉ ይቺን ይተረጉማል። የሁለቱ ቡድኖች ጎል ተደምሮ 2 ወይም ከዚያ ካነሰ ‹‹አንደር›› ነው፤ 3 ከሆነ ‹‹ኦቨር››። ነጥብ አምስቷ ለምን መጣች? ግማሽ ጎል የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ‹‹ልክ እኩል ሆነ›› የሚባል ውጤት እንዳይኖር ነው። ‹‹አንደር 3›› ቢባል ኖሮ ሦስት ጎል ሲቆጠር አሸናፊም ተሸናፊም አይኖርም ነበር። አያችሁ፣ ቁማር ላይ ሲሆን ‹‹አንደር›› ድንበሩን እንደማይጨምር ማንም አስረድቶን ሳይሆን ገብቶናል። የቅጹና የውሉ ላይ ‹‹አንደር›› ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ትኬት የበለጠ ብር አለባት።

እየተሠራ ነው፣ እየታየ ነው

የአክስቴን ልጅ የጣለችው ሦስተኛዋ ‹‹አንደር›› ናት። ይቺኛዋ ቦታም ቁጥርም አትናገርም። አንድ ነገር ገና በሂደት ላይ መሆኑን ነው የምትነግረን። አማርኛችን ለዚህ ‹‹እየ›› የምትል አጭር መፍትሔ አለው። ‹‹አንደር ኮንስትራክሽን›› ሕንፃው እየተሠራ ነው። ‹‹አንደር ሜንቴናንስ›› ሲስተሙ እየተጠገነ ነው። ‹‹አንደር ዲስከሽን›› ጉዳዩ ውይይት እየተደረገበት ነው። ‹‹አንደር ትሪትመንት›› ሰውዬው እየታከመ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጠንቀቅ የምታሰኘው ‹‹አንደር ኢንቨስቲጌሽን›› ናት። አንድ ታዋቂ ሰው ‹‹ምርመራ እየተደረገበት ነው›› የሚል የውጭ ዜና ይወጣል። ከእንግሊዝኛው ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ ቲክቶክ ሲሻገር ‹‹ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ›› ይሆናል። ‹‹አንደር›› ግን ያለችው ነገሩ ገና አላለቀም ነው። ምርመራው ነፃ ብሎ ሊያሰናብተውም ይችላል። በአንዲት መስተዋድድ የሰው ስም ሲጠፋ አይተናል።

እግረ መንገዴን፣ ብዙዎቻችን አዲስ ሥራ ስንጀምር ‹‹አንደር ፕሮቤሽን ነኝ›› እንላለን። የእንግሊዝኛው ባለቤቶች የሚሉት ‹‹ኦን ፕሮቤሽን›› ነው። ከመስተዋድዱ ይልቅ ግን ቁጥሩን ብታውቁ ይጠቅማችኋል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም።

ጣሪያ ወይስ መሠረት?

አሁን ‹‹በአዋጁ መሠረት›› አልኩ አይደል? ይሄንኑ በእንግሊዝኛ ልጻፈው ብል ‹‹አንደር ዘ ፕሮክላሜሽን›› ነው የምለው። ‹‹በአንቀጽ 5 መሠረት›› ‹‹አንደር አርቲክል 5›› ነው። ‹‹በውሉ መሠረት›› ደግሞ ‹‹አንደር ዘ ኮንትራክት››። አራተኛዋ፣ ከሁሉም ከባዷ ‹‹አንደር›› ይቺ ናት።

እስኪ ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በእንግሊዝኛው ሕጉ ከላይ ነው፤ ሰውየው ከሥሩ ይቆማል። እንደ ጣሪያ በሉት። በአማርኛው ሕጉ መሠረት ነው፤ ከታች ተጥሎ ሰውየው ላዩ ላይ ይቆማል። አንዱ ቋንቋ ሕግን ከራሱ በላይ፣ ሌላው ከእግሩ በታች አድርጎ አየው፤ የሚሉት ግን አንድ ነገር ነው።

እኛም ግን ሁልጊዜ ላይ አንቆምም። ሥልጣን ሲመጣ አማርኛም ‹‹ሥር›› ይላል። ፖሊስ ‹‹ተጠርጣሪውን በቁጥጥር ሥር አዋልኩ›› ይላል፤ ፊልም ላይ ‹‹ዩ አር አንደር አሬስት›› የሚሏት ናት። የታሰረ ሰው ‹‹በሕግ ጥላ ሥር›› ነው ይባላል። መሥሪያ ቤት ‹‹በእነማን ሥር ነው የምትሠራው?›› ይባላል። ሥር ደግሞ የዛፍም ሥር ነው። እንግሊዝኛው ‹‹አንደር›› ብሎ ከላይ የተጫነውን ሲያሳየን፣ የእኛው ቃል ከታች የያዘንንም ያስታውሰናል።

ጫናና ችግር ሲሆን ደግሞ አማርኛ ሦስተኛ መንገድ ይይዛል፤ ወደ ውስጥ ይገባል። ‹‹አንደር ፕሬሸር›› በእኛ ‹‹ጫና ውስጥ›› ነው። ‹‹አንደር ዚስ ሰርከምስታንስስ›› ደግሞ ‹‹በዚህ ሁኔታ ውስጥ››። ስለዚህ ስትተረጉሙ አንዲት ‹‹አንደር››ን በአንዲት ‹‹ሥር›› ለመተካት አትታገሉ። እንደ ሁኔታው ‹‹ሥር››ም፣ ‹‹በታች››ም፣ ‹‹መሠረት››ም፣ ‹‹ውስጥ››ም፣ ‹‹እየ››ም ትሆናለች።

ስትፈርሙ

ይሄ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። ለፊርማ ይጠቅማል።

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ቅጾች መጨረሻ፣ ፊርማው አጠገብ፣ ደጋግማ የምትመጣ ሐረግ አለች፤ ‹‹አንደር ፔናልቲ ኦቭ ፐርጀሪ››። ‹‹ፔናልቲ›› ስንል ኳስ የሚታየን ሰዎች ብዙ ነን። እዚህ ግን ትርጉሟ ‹‹የጻፍኩት ሐሰት ቢሆን በሐሰት ቃል ወንጀል እንደምቀጣ አውቄ›› ነው። በኢንተርኔት ቤት ቅጽ የሚያስሞላ ሰው ስንት አለ? የትዳር ሁኔታን፣ የልጅ ቁጥርን፣ የትምህርት ደረጃን ‹‹እንዲህ ብትል ይሻልሃል›› ተብሎ የሚሞላለት? ወረቀቱ ላይ ስሙና ፊርማው ያለው አመልካች ነው። ‹‹አንደር›› ከተባለችው ቅጣት ሥር የሚገባው እሱ ነው፤ መካሪው ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ አልፏል።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን ደግሞ ሌላዋን ያውቋታል። በካፋላ አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። በእንግሊዝኛ ‹‹አንደር ዘ ስፖንሰርሺፕ ኦቭ›› ይባልና የአንድ ሰው ስም ይከተላል። ያ ስም የካፊሏ ነው። ቤቱ ካልተመቻትና ወደ ሌላ ቤት ልሂድ ካለች መጀመሪያ የሚጠየቀው ‹‹በማን ሥር ነሽ?›› ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ የምትሠራበት ቤት ሌላ ሆኖ ሲገኝ ሕገ ወጥ የምትባለው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ያቺን ስም ከመሳፈር በፊት ማንበብ ከችግር በኋላ ከማንበብ ይሻላል።

ሌላም የምትመጣ ወረቀት አለች፤ ‹‹ሌተር ኦቭ አንደርቴኪንግ››። ‹‹አንደርቴክ›› የሚለው ግስ አንድን ሥራ ወይም ግዴታ በራስ ላይ ወስዶ መቀበል ነው። ስለዚህ ወረቀቷ የግዴታ መግቢያ ደብዳቤ ናት። ‹‹ምንም አይደለም፣ ፎርማሊቲ ነው›› ብለው ቢያስፈርሟችሁ፣ ምን ግዴታ እንደተቀበላችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። በነገራችን ላይ፣ በሬስሊንግ የምናውቀው ባለ ጥቁር ኮፍያው አንደርቴከርም ስሙ ከዚሁ ነው የመጣው። ቃሉ በመጀመሪያ ሥራ የሚቀበል ሰው ማለት ነበር፤ ኋላ ቀብር የማስፈጸም ሥራ ለሚቀበሉት ብቻ ቀረላቸው።

‹‹ገባኝ›› እና ‹‹አንደርስታንድ››

አንዲት ጥያቄ ቀርታናለች። ‹‹አንደርስታንድ›› ማለት ‹‹ከሥር መቆም›› ከሆነ፣ ከሥር መቆም እንዴት መረዳት ይሆናል?

‹‹አንደር›› በጥንቱ እንግሊዝኛ ‹‹መካከል›› የሚል ትርጉምም ነበራት። ዘመዷ የሆነው የጀርመንኛው ‹‹ኡንተር›› ዛሬም ሁለቱንም ይላል፤ ‹‹ኡንተር ኡንስ›› ማለት ‹‹በእኛ መካከል›› ነው። ስለዚህ የቃል ታሪክ አጥኚዎች ‹‹አንደርስታንድ›› ከሥር መቆም ሳይሆን ከነገሩ መካከል መቆም ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ለመረዳት ሄዶ ነገሩ መካከል ይቆማል። የእኛ ሰው ደግሞ ‹‹ገባኝ›› ይላል፤ ነገሩ ራሱ መጥቶ ውስጡ ይገባል። ለዚህም ነው መሰለኝ ‹‹ሜሞራንደም ኦቭ አንደርስታንዲንግ››ን ‹‹የመግባቢያ ሰነድ›› ብለን የተረጎምነው።

እንግዲህ ያስያዝኳችሁን ጥያቄ አምጧት። ‹‹ከምን ሥር?›› ‹‹አንደር››ን ስታዩ እሷ ላይ አትቁሙ፤ ቀጥሎ ያለውን ቃል አንብቡ። ቀጥሎ አልጋ ወይም ዛፍ ካለ ቦታ ናት። ቁጥር ካለ ልክ ናት፤ ቁጥሩን ራሱን አትጨምርም። ሥራ ካለ፣ ገና እየተሠራ ነውና ታገሡ። ሕግ፣ ውል፣ ቅጣት ወይም የሰው ስም ካለ ግን ቁጭ ብላችሁ ከመጀመሪያው አንብቡ፤ እናንተን የሚመለከት ነገር አለ።

የአክስቴ ልጅ ያንን ድርጅት ደውሎ ይቅርታ ጠይቆ ነበር፤ ቦታው ተይዟል አሉት። ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ አመልክቶ ያችው መልእክት መጣችለት፤ ‹‹አንደር ሪቪው››። አሁን የኢሜይሉን ማሳወቂያ ድምፅ ከፍቶ ነው የሚተኛው። ሌሊት ማስታወቂያ እየገባ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ አክስቴም ተማርራለች። ግን ማንም አጥፋው አላለውም።